ይቅርታው ዛሬ፣ ሒሳቡ ቆይቶ
(በአንድ የአዲስ አበባ እድር ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ዲስኩር)



አጀንዳው ረጅም መሆኑን አውቃለሁ። ድንኳኑ አርጅቷል፣ ወንበር ጎድሏል፣ መዋጮ ይጨመር አይጨመር የሚለው ሙግትም ከምሳ በፊት እንደማያልቅ ከፊታችሁ ይነበባል። የእድራችን ዳኛ ግን በቅርብ ጊዜ ከአባሎቻችን ቤት የገባውን የመኪና አደጋ አይተው፣ «አንተ ጠበቃ ነህ፤ ስለ ካሳ የምታውቀውን ንገረን» አሉኝ። ከምይዛቸው መዝገቦች ብዙዎቹ ይኸው ናቸው፤ መኪና የገጨው ሰው ወይም ወገን የሞተበት ቤተሰብ የሚያቀርባቸው ክሶች።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በመንገድ አደጋ በየዓመቱ ወደ 1.2 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ይሞታል። ሳይሞት የሚቆስለው ደግሞ ከ20 እስከ 50 ሚሊዮን ይገመታል። እድራችን የተቋቋመው ለመጀመሪያው ቁጥር ነው። እኔ የመጣሁት ስለ ሁለተኛው ልነግራችሁ ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። የካሳ ጉዳይ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ችሎት ላይ አይደለም። ዳኛ ፊት ከመቅረቡ በፊት፣ ሆስፒታል አልጋ አጠገብ ተበላሽቶ ያልቃል።

ሁኔታውን ታውቁታላችሁ። ሰውየው ተገጭቷል፤ አቤት ሆስፒታል ወይም ጥቁር አንበሳ ተኝቷል። ሾፌሩ ጣቢያ ታስሯል። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ሽማግሌዎች ይመጣሉ፤ ነጠላ ያጣፉ፣ ብርቱካንና ሙዝ የያዙ፣ እውነትም ያዘኑ ሰዎች። «ልጁ አውቆ አይደለም፣ ክፉ ቀን ጥሎት ነው» ይላሉ። «እሱም የልጆች አባት ነው» ይላሉ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ከዚያ ፖስታ ይወጣል። ቤተሰቡ በዚያን ሰዓት ለመድኃኒት፣ ለደም፣ ለታክሲ ገንዘብ እየለቀመ ነው፤ ፖስታው ውስጥ ያለው ከየትኛውም ገንዘብ ይልቅ ቅርብ ነው። ከፖስታው ጋር ራፖር ጸሐፊ ያዘጋጀው አንድ ገጽ ወረቀት አለ። ይቅርታው፣ ምስጋናው፣ የሽማግሌዎቹ ስም ሁሉ ተጽፎበታል። ወደ ታች፣ ከፊርማው በላይ፣ እንዲህ የምትል መስመር አለች፦ «በደረሰብኝ ጉዳት ምክንያት ከእንግዲህ ወዲህ በሾፌሩም ሆነ በመኪናው ባለቤት ላይ አንዳችም የካሳ ጥያቄ አላነሳም።»

ወረቀቱ ላይ ይፈረማል። ሁሉም ይላቀሳል፣ ይሳሳማል። ሽማግሌዎቹ መርቀው ይሄዳሉ።

በአራተኛው ቀን ስለዚያ እግር የሚያውቅ ሰው ማነው? ሐኪሙም አያውቅም። ቅልጥሙ ተሰብሮ ቆዳውን ቀዶ የወጣ አጥንት ከሆነ ገና ያመርቅዝ እንደሆነ አይታወቅም። ብረት ገብቶለት ከሆነ በስንት ወር እንደሚገጥም፣ ሳይገጥም ቀርቶ እንደገና ይከፈት እንደሆነ አይታወቅም። ጉልበቱ መታጠፍ እምቢ ይል እንደሆነ የሚታየው ክራንች ከተጣለ በኋላ ነው። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ደግሞ ከሁሉ ይከፋል፤ ይነሳል፣ ይበላል፣ ይስቃል፤ ከወራት በኋላ ግን ሱቁን ሲከፍት ሒሳብ መደመር እንዳቃተው ሚስቱ ትደርስበታለች። ያ ወረቀት እንግዲህ ማንም ያላየውን ዕቃ በጭፍን ሸጦታል።

ሕጉ ስምምነትን አጥብቆ ያከብራል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የእርቅ ውል፣ ማለትም ክርክርን ለመጨረስ የሚደረግ ስምምነት፣ በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይቆጠራል። አንቀጽ 3312 ነው። በኋላ ጠበቃ ይዛችሁ ብትመጡ ተቃራኒው ወገን የሚያወጣው የመጀመሪያ ወረቀት ይኸው ነው። «ተጨንቄ ነበር፣ ሳላነበው ነው የፈረምኩት» ማለት ይቻላል፤ ማስረዳቱ ግን አድካሚ ነው፣ ብዙ ጊዜም አይሳካም።

ይህን ስል ሽምግልናን እየነቀፍኩ እንዳይመስላችሁ። እንዲያውም ሽምግልና ባይኖር ይህ ከተማ በደም የተቃባ ሰው ይሞላው ነበር። በኦሮሞ ወገኖቻችን ዘንድ የጉማ ሥርዓት አለ፤ ደም የፈሰሰባቸውን ቤተሰቦች ወግ ባለው መንገድ አስታርቆ ይመልሳል፤ የመኪና አደጋም ሲደርስ ይሠራበታል። የኔ ነገር አንድ ብቻ ነው፦ ይቅርታና ሒሳብ በአንድ ወረቀት ላይ አይጻፉ። ይቅርታው ዛሬ ይሁን፤ ቂም ውሎ ካደረ ለበሽተኛውም አይበጅም። ሒሳቡ ግን ይቆይ።

ሽማግሌዎቹ «ወረቀት ካልሰጣችሁን ልጁ ይታሰራል» ይላሉ። እዚህ ላይ ልብ በሉ። የወንጀል ሕጋችን ጥፋተኛው መጸጸቱን፣ ተጎጂውን መርዳቱንና ጉዳቱን ለመካስ መጣሩን በቅጣት ማቅለያነት ይቀበላል። ለዚህ የሚያስፈልገው «ይቅር ብዬዋለሁ፣ ለሕክምና ይህን ያህል ሰጥቶኛል» የሚል ወረቀት ነው። «መብቴን ሁሉ ትቻለሁ» የሚል አያስፈልግም። ስለዚህ ገንዘቡን ተቀበሉ፤ ደረሰኙን ግን ራሳችሁ አስጽፉ። «ለሕክምና ማስጀመሪያ የተሰጠ፣ ወደፊት ከሚወሰነው ጠቅላላ ካሳ ላይ የሚታሰብ፣ ቀሪ መብቴ እንደተጠበቀ ሆኖ» ይበል። ሽማግሌዎቹ ሐቀኛ ከሆኑ ይህን አይቃወሙም። ከተቃወሙ ግን የመጡት ለማን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ሒሳቡ ይቆይ ስል ለዘላለም ማለቴ አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2143 ተጎጂው ጉዳት ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ ክስ ካላቀረበ መብቱ በይርጋ ይቀራል ይላል። ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀል ሕጉ የረዘመ ይርጋ ካስቀመጠ በዚያ መጠቀም ይቻላል፤ እኔ ግን በዚህ ተማምኖ የሚተኛ ደንበኛ አልወድም። ሁለት ዓመት ረጅም ይመስላል። አንደኛው ዓመት አልጋና ክራንች ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ «እስቲ ትንሽ ይሻለው» እየተባለ ያልፋል። በሦስተኛው ዓመት ቢሮዬ የሚመጣ ሰው አለ፤ ያን ቀን የምናገረው ነገር ለኔም ይከብደኛል።

ስለዚህ መካከሉን ያዙ። ዋናው ሕክምና አልቆ ሐኪሞች በቦርድ ተቀምጠው የጉዳቱን መጠን በመቶኛ ከወሰኑ በኋላ፣ ሁለት ዓመቱ ከመድረሱ በፊት። ሕክምናው ካላለቀ ደግሞ ክሱ ቀኑን ሳያልፍ ይቅረብ፤ አንቀጽ 2092 ወደፊት መድረሱ እርግጠኛ የሆነ ጉዳት እስኪደርስ ሳይጠበቅ ይካሳል ይላልና። «ብረቱ ከዓመት በኋላ ይወጣል፣ ወጪውም ይህን ያህል ይገመታል» የሚል የሐኪም ደብዳቤ በዚህ አንቀጽ ሥር ዋጋ አለው። ሐኪሞች ሥራ ይበዛባቸዋል፣ ደብዳቤ መጻፍ አይወዱም፤ ተለማመጡ፣ ደጅ ጥኑ፣ አስጽፉ።

አሁን ማን ይከፍላል ወደሚለው ልምጣ። ተጎጂዎች ብዙ ጊዜ የሚያዩት ሾፌሩን ነው። «እሱ ምን አለው፣ ደሃ ነው» ይሉና ይተውታል። ሕጉ ግን የሚያየው ከሾፌሩ ጀርባ ያለውን ነው። በአንቀጽ 2081 መሠረት የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ መኪናውን የነዳው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ። ባለቤቱ ምንም ጥፋት እንደሌለበት ማስረዳቱ አያድነውም። መውጫው ጠባብ ነው፦ መኪናው በዚያን ጊዜ ተሰርቆ እንደነበር ወይም ጥፋቱ የተጎጂው መሆኑን ማስረዳት አለበት። ሾፌሩ በወንጀሉ ነጻ ቢወጣም ካሳው ቀረ ማለት አይደለም፤ የፍትሐ ብሔር ችሎት በዚያ ውሳኔ አይታሰርም።

ባለቤቱ ማነው የሚለው በአገራችን ቀላል ጥያቄ አይደለም። መኪና በውክልና ይሸጣል። ሊብሬው ላይ ያለው ስም አንድ ሰው፣ ታርጋውን ይዞ የሚሠራበት ሌላ ሰው፣ ሾፌሩን የቀጠረው ደግሞ የሱ ወንድም ይሆናል። ለዚህ መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ሊብሬው ላይ ያለውንም በእጁ የያዘውንም በአንድ ክስ ማስገባት። ክስ እንደቀረበም መኪናው እንዳይሸጥ፣ ስሙም እንዳይዛወር ፍርድ ቤቱን እግድ መጠየቅ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው ነገሩ፤ ፍርዱን አሸንፎ በአፈጻጸም ጊዜ መኪናው የለም፣ ባለቤቱም ቤቱን በልጁ ስም አዛውሯል ሲባል የሰማ ሰው ያውቀዋል።

መድን ድርጅቱስ? በመኪናው መስተዋት ላይ የምታዩት ስቲከር የሦስተኛ ወገን መድን ነው፤ ያለሱ መንዳት ክልክል ነው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 መድን ሰጪው ለአንድ ሰው ሞት ከ5 ሺህ የማያንስ ከ40 ሺህ ብር የማይበልጥ፣ ለአካል ጉዳት እስከ 40 ሺህ፣ ለንብረት እስከ 100 ሺህ ብር እንዲከፍል ነው የደነገገው። ለአስቸኳይ ሕክምናም እስከ 2 ሺህ ብር አስቀምጦ ነበር። እንዲህ ያለው ጣሪያ ይሻሻላልና እናንተ የምትጠይቁት አደጋው በደረሰበት ቀን ይሠራበት የነበረውን ነው። ከቁጥሩ ይልቅ እንድትይዙልኝ የምፈልገው ግን ይህን ነው፦ መድን ሰጪው የሚከፍለው የካሳው መጨረሻ አይደለም። ከጣሪያው በላይ ያለውን ባለቤቱ ይከፍላል። መድን ድርጅቱ ገንዘቡን ሲሰጥ የሚያስፈርመው ቅጽ አለ፤ ባለቤቱንም ነጻ የሚያደርግ ቃል እንዳይኖርበት አንብቡት። መነጽር የረሳ ሰው ልጁን ይዞ ይሂድ።

ገጭቶ ያመለጠ መኪና ወይም መድን የሌለው መኪና ከሆነስ? ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጣል። ለዚሁ የቆመ የመድን ፈንድ አለ፤ ዛሬ የመንገድ ደኅንነትና መድን ፈንድ አገልግሎት የሚባለው መሥሪያ ቤት ያስተዳድረዋል። ከዚያ ለመድረስ የፖሊስ ማስረጃ የግድ ነው። ስለዚህ «ያመለጠውን ምን ብዬ ልክሰስ» ብላችሁ ጣቢያ ሳትሄዱ አትቅሩ።

የተጎዳው ሰው በሥራ ላይ የነበረ ወይም አሠሪው ባቀረበው ሰርቪስ ወደ ሥራ ሲሄድ ወይም ሲመለስ የተጎዳ ከሆነ ሌላ በር ይከፈታል። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይህን የሥራ ላይ ጉዳት ይለዋል። ሠራተኛው የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ቀጣዮቹን ሦስት ወራት 75 በመቶውን፣ ከዚያ በኋላ ያሉትን ስድስት ወራት ደግሞ ግማሹን ያገኛል። የሚኒባስ ረዳቶችና የጭነት መኪና ተራዳዎች ውል ስለሌላቸው ይህ የማይመለከታቸው ይመስላቸዋል። የሥራ ውል በቃልም ይሆናል፤ አብሮ የሠራ ሰው መስክሮ ማስረዳት ይቻላል።

ተሳፋሪው ነው ትንሽ የሚከፋበት። የ1952ቱ የንግድ ሕግ አጓዡ ለአንድ መንገደኛ የሚከፍለውን ካሳ በ40 ሺህ ብር ይገድባል። አጓዡ ወይም ሠራተኛው ጉዳት ሊደርስ እንደሚችል እያወቀ ካደረገው ግን ገደቡ ይነሳል፤ ስለዚህ «ፍሬኑ እንደማይዝ ከመናኸሪያ ሳንወጣ ነግረነዋል» የሚል አብሮ ተሳፋሪ ምስክርነት ወርቅ ነው። አብረዋችሁ ከተጓዙት የሁለት ሰው ስልክ ተቀበሉ።

ሕጎቻችን ውስጥ እንዲህ በ1952 ደርቀው የቀሩ ቁጥሮች አሉ። ከሁሉ የሚያስቀው፣ ማሳቅ ከቻለ፣ የሕሊና ጉዳት ካሳ ነው። ልጇ ዓይኗ እያየ ለተገጨባት እናት፣ ፊቱ ለተበላሸ ወጣት፣ ፍርድ ቤት ለሐዘኑና ለስቃዩ የሚሰጠው ካሳ ከ1,000 ብር መብለጥ አይችልም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2116። ሕጉ ሲወጣ አንድ ሺህ ብር ገንዘብ ነበር። ዛሬ ሁለት ሰው ክትፎ ቤት ገብቶ ቢወጣ አይበቃውም። ዳኞቹን አትውቀሱ፤ እጃቸው ታስሯል። የሚወቀሰው ይህን አንቀጽ ስልሳ ዓመት አልፎት ሳይነካው የኖረው ሕግ አውጪ ነው። ሕሊናን በገንዘብ መተመን አይቻልም የሚሉ ሰዎች ይኖራሉ፤ እኔ ግን በክትፎ ከመተመን ይሻላል ባይ ነኝ።

ትልቁ ገንዘብ ያለው እንግዲህ ሌላ ቦታ ነው፤ የታጣው ገቢ ላይ። ፍርድ ቤቶች ብዙ ጊዜ የሚሄዱበት መንገድ ይህን ይመስላል። ሰውየው በወር 6 ሺህ ብር ያገኝ ነበር እንበል፤ በዓመት 72 ሺህ። ቦርዱ የመሥራት አቅሙ 30 በመቶ ቀንሷል ካለ በዓመት 21,600 ብር ያጣል ማለት ነው። ዕድሜው 35 ከሆነና እስከ 60 ይሠራ ነበር ከተባለ በ25 ዓመት ሲባዛ 540 ሺህ ብር ይመጣል። ዳኛው ከዚህ ላይ በርትዕ ሊቀንስ ይችላል፤ ተጎጂውም ጥፋት ካለበት፣ ለምሳሌ የእግረኛ ድልድይ እያለ የቀለበት መንገዱን አጥር ዘሎ ከሆነ፣ በዚያው ልክ ይቀነሳል። ያም ሆኖ ይህን ቁጥር በአራተኛው ቀን ከመጣው ፖስታ ጋር አስተያዩት።

ዋናው ችግር «በወር 6 ሺህ ብር» የሚለውን ማስረዳት ነው። ደመወዝተኛ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ያመጣል። ከመካከላችን ስንቱ ነው ደመወዝተኛ?

አንዲት እንጀራ ጋግራ የምታስረክብ እናት ደንበኛዬ ነበረች። ሚኒባስ ገጭቷት ቀኝ ክንዷ በብረት ተያይዟል። ቢሮዬ ስትመጣ ማስረጃዋን በጥቁር ፌስታል ነበር የያዘችው። ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍነው፤ ራጅ በአራት ታጥፎ፣ የሐኪም ማዘዣ፣ የጄሶ ክፍያ፣ ከመድኃኒት ቤት የተሰጡ ትናንሽ ደረሰኞች። ደረሰኞቹን አንድ በአንድ ስናነሳ ግማሾቹ ባዶ ወረቀት ሆነዋል። የካሽ ሬጅስተርን ወረቀት ታውቁታላችሁ፤ ሲቆይ ጽሑፉ ይጠፋል። ያን ሁሉ መድኃኒት ገዝታለች፣ ውጣዋለች፣ ማስረጃው ግን ነጭ ሆኗል። ከመድኃኒት ቤቶቹ የቻልነውን ያህል በማኅተም አስደገምን፤ የቀረው ቀረ። እባካችሁ ደረሰኝ እንደተሰጣችሁ በዚያው ቀን ፎቶ ኮፒ አድርጉ፣ በስልክም አንሡት።

ገቢዋን ለማስረዳት ምን ነበራት? ንግድ ፈቃድ የላትም። እንጀራ የምታስረክብላቸው ሁለት ሱቆች ነበሩ፤ ባለሱቆቹ መጥተው መሰከሩ። የሳምንት እቁብ ትጥል ነበር፤ የእቁቡ ጸሐፊ ደብተሩን ይዞ ቀረበ፤ ከአደጋው በፊት በየሳምንቱ የጣለችውና ከአደጋው በኋላ ያቋረጠችበት ቀን በእጅ ጽሑፍ ሰፍሯል። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የመብራት ሒሳቧ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙ ይበላል፤ ከአደጋው በፊት በየወሩ የከፈለችውና ከአደጋው በኋላ የከፈለችው ሲተያይ ምጣዱ የጠፋበት ወር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ይህን ያሰበችው እሷ ናት እንጂ እኔ አይደለሁም። ጉዳቱን በልኩ ማወቅ ሲያስቸግር ዳኛው በርትዕ ይወስናል የሚል አንቀጽ አለ፤ 2102። ርትዕ ግን ከባዶ አይነሳም፤ እንዲህ ያሉ ነገሮችን ስትሰጡት ነው የሚሠራው። የቤት እመቤት ብትሆንም ገቢ የላትም ተብሎ አይታለፍ፤ እሷ ስትተኛ ቤቱ የቀጠረው ሠራተኛ ደመወዝ ወጪ ነው፣ ይጻፍ።

አደጋው ቦታ ላይ ስለሚደረገው ባጭሩ ልለፍ፤ አብዛኛውን ታውቁታላችሁ። የተጎዳውን በእጅና በእግሩ አንጠልጥላችሁ ላዳ ውስጥ አትጨምሩት፤ ወገቡ ወይም አንገቱ ተሰብሮ ከሆነ ሽባ የሚያደርገው ያ ማንሳት ሊሆን ይችላል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። ታርጋውንና ስቲከሩን ፎቶ አንሡ። ትራፊክ ፖሊስ ፕላን ሲያነሳ ከተጎጂው ወገን አንድ ሰው ቆሞ ይይ፤ የፍሬኑ ምልክት፣ ዜብራው፣ መኪናው የቆመበት ቦታ በትክክል መጻፉን ያረጋግጥ። በኋላ ክርክሩ ሁሉ የሚዞረው በዚያ ሥዕል ዙሪያ ነው።

ወደ ማገገሙ ልግባ፤ እሱም ከካሳው የተለየ ነገር አይደለም። ስለ ወጌሻ ልናገር ነውና አትቆጡኝ። እዚህ ያላችሁ ሁሉ ወለምታችሁን ወጌሻ ያሸላችሁ ሰዎች ናችሁ፤ እኔም ነኝ። ነገር ግን በመኪና የተሰበረ አጥንት፣ በተለይ ቆዳው የተቀደደ፣ የወጌሻ ሥራ አይደለም። ቀርከሃው ጠብቆ ሲታሰር ደም ይቆማል፤ እግሩ ያብጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይጠቁራል፤ ከዚያ ሆስፒታል ሲደርስ የሚቀረው መቁረጥ ነው። የአጥንት ሐኪሞቻችን ይህን ደጋግመው የሚያዩት ጉዳይ ነው። ቤተሰብ በሽተኛውን ከሆስፒታል አስወጥቶ ወጌሻ ጋ የሚወስደው ከክፋት አይደለም፤ ወረፋው ረጅም ነው፣ ብረቱ ውድ ነው፣ «ይቆርጡታል» የሚል ፍርሃት አለ። ችሎት ላይ ግን ምን እንደሚባል ልንገራችሁ። «እግሩ የተቆረጠው በመኪናዬ አይደለም፤ እኔ የሰበርኩት የሚድን አጥንት ነበር፣ ያበላሸው ወጌሻ ነው» ይላል ባለመኪናው ጠበቃ። እኔም በሱ ቦታ ብሆን እለው ነበር። እግሩም ካሳውም አብረው ይሄዳሉ።

ሌላው የሚረሳው ፊዚዮቴራፒ ነው። ጄሶ ሲፈታ ሰው ዳነ ብለን እናስባለን። ጉልበቱ፣ ክርኑ፣ ቁርጭምጭሚቱ ካልተንቀሳቀሰ ደርቆ ይቀራል፤ እንቅስቃሴው ደግሞ ያማል። በሽተኛው «ነገ» ይላል፤ አስታማሚውም ስለሚያዝን ዝም ይላል። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው ጨከን ያለ ዘመድ ነው። አክስቶች ለዚህ የተፈጠሩ ናቸው። እግሩ ለተቆረጠ ሰው ሰው ሠራሽ እግር የሚሠሩ የአካል ተሐድሶ ማዕከላት አዲስ አበባ ብቻ ሳይሆን እንደ ደሴ፣ ባሕር ዳርና አርባ ምንጭ ባሉ ከተሞችም አሉ። ሰው ሠራሽ እግር አንዴ ተገጥሞ የሚቀር ነገር አይደለም፤ ያልቃል፣ ይለወጣል፣ የሕፃን ከሆነማ ከልጁ ጋር ማደግ አለበት። ይህም በካሳው ሒሳብ ውስጥ መግባት ይኖርበታል፤ ብዙ ክሶች ላይ ግን የመጀመሪያው ብቻ ተጽፎ አያለሁ።

የማይታየው ቁስልም አለ። መንገድ መሻገር የሚያቅተው፣ ሌሊት የፍሬን ድምፅ እየሰማ የሚባንን፣ ከሰው የሚሸሽ፣ መጠጥ የሚጀምር። «ተመስገን በል፣ ነፍስህ ተርፋለች» እንለዋለን። ተመስገን ማለት ተገቢ ነው፤ ሕመሙን ግን አያነሳለትም። ጸበል የሚሄድ ይሂድ፣ ሐኪምም ይይ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። የአእምሮ ሐኪም የሚሰጠው ማስረጃም በቦርዱ ፊት እንደ ራጁ ሁሉ ማስረጃ ነው።

እና አሁን ወደ እናንተ እመጣለሁ፣ ወደ እኛ። ሰው ሲገጭ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ቤቱ በጠያቂ ይሞላል። ብርቱካኑ ከመብዛቱ የተነሳ ይበላሻል። በአራተኛው ወር ማንም የለም። ገንዘቡ የሚያልቀው ግን በአራተኛው ወር ነው፤ የቤት ኪራይ የተጠራቀመበት፣ ልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ያልከፈሉበት። ሽማግሌዎቹ ያን የመብት መልቀቂያ ወረቀት ዳግመኛ ይዘው ቢመጡ የሚፈረመው ያን ጊዜ ነው፤ አሁን ደግሞ ከመጀመሪያው ባነሰ ዋጋ። የሌላው ወገን ጠበቃ ይህን ያውቃል፤ ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ የሚጨምረውም ለዚህ ነው። ተጎጂው መጠበቅ ከቻለ ካሳው ያድጋል፤ መጠበቅ ካልቻለ በፖስታ ያልቃል። መጠበቅ የሚያስችለው ደግሞ ጠበቃ አይደለም፣ የሚበላው ነገር ነው።

መተዳደሪያ ደንባችን አባል ሲሞት ለቤተሰቡ ይህን ያህል ብር ይሰጣል ይላል። አካሉ ጎድሎ ለተኛ አባል ግን ምንም አይልም። ስለዚህ ከድንኳኑ አጀንዳ በፊት አንድ ሐሳብ ለጉባኤው ላቅርብ፦ በመኪና አደጋ ከባድ ጉዳት የደረሰበት አባል ከሦስተኛው ወር ጀምሮ እስከ ዓመቱ መጨረሻ በየወሩ ድጎማ ያግኝ። ስጦታ አይደለም፤ ካሳው ሲወሰን ለእድሩ የሚመለስ ብድር ይሁን፤ ካሳ ካልተገኘ ደግሞ ይቅርለት። በተጨማሪም ሽማግሌ ወረቀት ይዞ አባላችን ቤት ሲመጣ ከእድሩ ሁለት ሰው አብሮ ይቀመጥ፤ አንዱ ማንበብ የሚችል፣ አንዱ እምቢ ማለት የሚችል። የብሩን መጠን እናንተ ወስኑ፤ ሒሳብ ሹማችን ካዝናው የሚችለውን ያውቃሉ። ጸሐፊያችን ሐሳቡን በቃለ ጉባኤው እንዲይዙልኝ እጠይቃለሁ፤ ተቃውሞ ያለው አሁን እጁን ያውጣ፣ እንነጋገርበት።